የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞትን ሊገድሉ የወጡት ሦስቱ ጠጪዎች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ የግጥም ታሪክ ላይ ያተኩራሉ። ታሪኩ ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በጻፋቸው «የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ተራኪው ወደ ካንተርበሪ ሲጓዙ ተረት ከሚያወሩት ተሳላሚዎች አንዱ የሆነው ሥርየት ሻጭ፣ ማለትም የኃጢአት ይቅርታ በገንዘብ የሚሸጥ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ታሪኩ ፍላንደርስ (በዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) ውስጥ፣ መጠጥ ቤት ጥሩ አድርጎ ይጀምራል። ወዲያው ግን ስለ ስካር፣ ስለ ቁማርና ስለ መሐላ ስብከት ይገባና ሰዎቹ ይጠፋሉ። ስብከቱን ብዘለው ምን ይቀርብኛል?

መልስ፦ ሴራውን ለመከተል ብቻ ከሆነ ምንም። በመጽሐፉ ክፍል 6 የስንኝ ቁጥር ስብከቱ ከ485 አካባቢ ተነሥቶ 660 ላይ ያበቃል፤ 661 ላይ ሦስቱ ጠጪዎች ይመለሳሉ። ለመጀመሪያ ንባብ ይዝለሉት። መዝለል የሌለብዎት ከታሪኩ በፊት ያለውን መቅድም ነው፤ ከ329 እስከ 462። ታሪኩን ብቻ ቆርጠው የሚያወጡ መድበሎች የሚበድሉን እዚህ ላይ ነው።

ሥርየት ሻጩ በመቅድሙ ማጭበርበሪያውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የበግ የትከሻ አጥንት አለው፤ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ሲነከር ከብት ይፈውሳል ይላል። እጁን ያስገባበትን ሰው እህል የሚያበዛ ጓንት አለው፤ ሳንቲም መስጠት ግን ግድ ነው። ከሁሉ የከፋችው ብልሃቱ ይህች ናት፦ «ለመናዘዝ የሚያሳፍር ከባድ ኃጢአት የሠራ፣ ወይም በባሏ ላይ የማገጠች ሴት፣ መባ ለመስጠት እዚህ ፊት መቅረብ አይችሉም» ብሎ ያውጃል። ከዚህ በኋላ ማን ቁጭ ብሎ ይቀራል? በዚህ ዘዴ በዓመት 100 ማርክ፣ ማለትም 66 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ እንደሚያገኝ ይናገራል። የሚሰብከው ደግሞ ሁልጊዜ «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» የሚለውን ቃል ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ወደ ስብከቱ ቢመለሱ አይሰለችዎትም፤ ሻጭ ዕቃውን ሲያሳይ እንደ ማየት ነው።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ማን ማንን እንደገደለ ተምታታብኝ።

መልስ፦ ሁለት ሴራዎች በአንድ ጊዜ ስለሚሄዱ ነው። ሞትን ሊገድሉ የወጡት ሦስቱ፣ አንድ ሽማግሌ ሞትን እዚያ ታገኙታላችሁ ብሎ በጠቆማቸው ዛፍ ሥር ወደ ስምንት ቡሽል የሚጠጋ ፍሎሪን የተባለ የወርቅ ሳንቲም ያገኛሉ፤ በዛሬ መስፈሪያ 280 ሊትር ገደማ ነው። ቀን ቢሸከሙት ሌቦች ተብለው ይሰቀላሉና ሌሊቱን መጠበቅ አለባቸው። ዕጣ ይጥላሉ፤ ዳቦና ወይን ለማምጣት ከተማ መሄድ ለታናሹ ይወጣል። እሱ ዞር እንዳለ የቀሩት ሁለቱ ይመክራሉ፦ ሲመለስ አንዱ እየተጫወተ ይታገለዋል፣ ሌላው በጩቤ ይወጋዋል።

ታናሹም በበኩሉ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ገብቶ «አይጥ አስቸገረኝ፣ ዶሮዎቼንም አውሬ ፈጃቸው» ብሎ መርዝ ይገዛል። ሦስት ጠርሙስ ይዋስና መርዙን በሁለቱ ይጨምራል፤ ሦስተኛው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ወርቅ ሲያጋዝ የሚጠጣው ነዋ! እሱ በጩቤው ይሞታል፤ ገዳዮቹ ከመቅበራቸው በፊት ለመጠጣት ይቀመጣሉ፤ እጃቸው የገባውም መርዝ ያለበት ጠርሙስ ነው። ቾሰር «እንዳጋጣሚ» ይላል። ከሦስቱ ሁለቱ የተመረዙ ስለሆኑ አጋጣሚው ያን ያህል አያስደንቅም።

ጥያቄ፦ መንገድ ያሳያቸው ሽማግሌ ራሱ ሞት ነው?

መልስ፦ እንዲያ የሚሉ አሉ፤ ጽሑፉ ግን አይደግፋቸውም። ሽማግሌው ራሱ ሞትን ፈልጎ ያጣ ሰው ነው። ጧትና ማታ መሬቱን በምርኩዙ እያንኳኳ «እናቴ ሆይ፣ አስገቢኝ» ይላል፤ ያለውን ሣጥን በመገነዣ ጨርቅ ለመለወጥም ፈቃደኛ ነው። ሌሎች እርጅና ነው ይላሉ፤ ይህ የተሻለ ያስኬዳል። ቾሰር ግን ስም አልሰጠውም፤ እኛም ባንሰጠው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሥርየት ሻጩ አጭበርባሪነቱን ለተሳላሚዎቹ ከተናዘዘ በኋላ እነሱኑ እንዴት ገንዘብ ይጠይቃል?

መልስ፦ ተንታኞችን ሲያከራክር የኖረ ነጥብ ነው። 916 እና 917 ላይ እውነተኛው ሥርየት የክርስቶስ እንደሆነ ይናገራል፤ 919 ላይ «አንድ ነገር ረሳሁ» ብሎ ዐፅሙን ያወጣል። ቀልድም ሊሆን ይችላል፣ ከልማድ አለመላቀቅም። እኛ ወደ ልማዱ እናደላለን። በኃጢአት የተጠቀለለው ይጀምር ብሎ የሚጠራው ከተሳላሚዎቹ ጋር የሚጓዘውን የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሃሪ ቤይሊን ነው፤ ዋጋው አራት ፔንስ። ሃሪ በጸያፍ ስድብ ይመልስለታል፤ ያ ሁሉ ሲለፈልፍ የነበረው ሰው በንዴት ቃል ያጣል። ከተሳላሚዎቹ አንዱ የሆነው ፈረሰኛ ገብቶ አሳስሞ ያስታርቃቸዋል።

ጥያቄ፦ በቀድሞው እንግሊዝኛ ጮክ ብዬ ማንበብ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ዝም የሚል ፊደል እምብዛም እንደሌለ ይቁጠሩ። ዛሬ «ናይት» የሚባለው ፈረሰኛ ያኔ «ክኒኽት» ነበር፤ «ኔይም» ደግሞ «ናመ»። በቃል መጨረሻ ያለችው «ኧ» ትነበባለች፤ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ ግን ትዋጣለች። በእያንዳንዱ ስንኝ አምስት ምት ሊወጣ ይገባል፤ ከጎደለ አንዷን «ኧ» ውጠዋል ማለት ነው። በታሪኩ መክፈቻ ይሞክሩት፦ «ኢን ፍላውንድረስ ህዊሎም ዋስ አ ኮምፓይኚየ»። ምቱ በ«ፍላውን»፣ በ«ህዊ»፣ በ«ዋስ»፣ በ«ኮም» እና በ«ኚ» ላይ ያርፋል። ቀጣዩ ስንኝ በ«ፎሊየ» ስለሚጨርስ ቤት መምታቱን ጆሮዎ ይነግርዎታል።