የፀሐይ ኮራሉ አልከፈት ላለው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። በአኳሪየምህ ያለው ብርቱካናማ የፀሐይ ኮራል (ብዙ አፍ ያለው የባሕር እንስሳ) ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ስለሚውል መብራት ልጨምርለት ወይ ብለሃል። እባክህ አትጨምር፤ ችግሩ መብራት አይደለም። ብዙዎቹ ባለቀለም ኮራሎች ሰውነታቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች አሏቸው። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሏቸዋል። የፀሐይ ኮራል ግን ይህ የለውም። ካላጎረስከው በረሃብ ይሞታል።

በተፈጥሮው የሚከፈተው ማታ ነው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ በረዶው ከቀለጠ ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት፣ በበረዶ የሚሸጥ ምግብ) ውሃ ጥቂት ጠብታ አጠገቡ ልቀቅ። ሽታው ሲደርሰው ቢጫ ጣቶቹን ቀስ እያለ ይዘረጋል። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሰው። ሲከፈት ፓምፑን አጥፋና በፒፔት (መጣጭና አንጠባጣቢ ቱቦ) ለእያንዳንዱ አፍ አንድ ሁለት ማይሲስ አድርስ። አንዱንም እንዳትዘል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃዋል። አኳሪየሙ ውስጥ ያለ ሽሪምፕ ከአፉ እየነጠቀ ካስቸገረህ የሃይላንድ ጠርሙስ አናት ቆርጠህ ድፋበት፤ በአንገቱ ቀዳዳ ትመግበዋለህ።

በአፎቹ መካከል ያለው ሥጋ ሳስቶ ነጩ አጽም ከታየህ ክፉኛ ተርቧል ማለት ነው። እስኪያገግም በየቀኑ መግበው።

ይህ ሁሉ ምግብ ግን ውሃውን ያቆሽሻል። ፓምፑን መልሰህ ማብራት አትርሳ፣ የተረፈውን ምጠጥ፣ ከምግብ ቅሪት የሚመጡትን ናይትሬትና ፎስፌት ለካ፣ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ ቀይር። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። ዛሬ ማታ ሞክረውና ስንቱ አፍ እንደተከፈተ ጻፍልኝ። እስከዚያ ሌላ ኮራል አትግዛ።