ጨረርን በብርድ ስለመለካት ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ሰሞኑን ጀርም ለመግደል ጨረር በሚሰጠው ቀዝቃዛ ዕቃ ላይ ዶዝ (ዕቃው የተቀበለውን የጨረር መጠን) ስለመለካት ጥያቄ በዝቶብኛል፣ የቻልኩትን ያህል እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኬሚካል ዶዚሜትር ምንድነው?
መልስ፦ ጨረር ሲመታው የሚቀየር ነገር ነው፣ ለውጡን ለክተህ ዶዙን ታውቃለህ። ታዋቂው ከ1927 ጀምሮ ያለው ፍሪክ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ የሟሟ የብረት ጨው ነው፣ ጨረሩ የብረቱን ቻርጅ ከሁለት ፕላስ ወደ ሶስት ፕላስ ይወስደዋል፣ እሱን በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ መሳሪያ) 304 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ ታነባለህ። ከ40 እስከ 400 ግሬይ (የዶዝ መለኪያ ነው) ድረስ አሪፍ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፍሪኩን ከፍሮዝን ዕቃው ጋር ባስገባውስ?
መልስ፦ ወንድሜ እባክህ እንዳታደርገው። እኔ ጀማሪ እያለሁ አድርጌው ጠርሙሷ ከአንገቷ ተሰንጥቃ ነው የወጣችው፣ ባትሰነጠቅም ቁጥሩ አይታመንም ምክንያቱም ጨረሩ ውሃው ላይ የሚፈጥራቸው ራዲካሎች (ካገኙት ነገር ጋር ቶሎ የሚዋሃዱ ስብርባሪ ሞለኪውሎች) ተንቀሳቅሰው ብረቱ ጋ መድረስ አለባቸው፣ በረዶ ውስጥ ደግሞ ባሉበት ታስረው ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ ምግብ ግን ለምን በረዶ እንደሆነ ጨረር ይሰጠዋል?
መልስ፦ በዚያው ምክንያት እኮ ነው! ለናሳ ጠፈርተኞች የሚዘጋጀው ስጋ ቢያንስ 44 ኪሎግሬይ (44 ሺህ ግሬይ) ይሰጠዋል፣ ይሄ ከባድ ዶዝ ነው፣ በረዶ ካልሆነ ራዲካሎቹ እየዞሩ ጣዕሙን ያበላሹታል። ስጋውን የሚያድነው ብርድ ፍሪክን ይገድለዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እና በድራይ አይስ (በረዶ በሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) የታሸገ የአጥንትና የጅማት ንቅለ ተከላ ዕቃ በምን ይለካ?
መልስ፦ አላኒን ነዋ። አሚኖ አሲድ ነው፣ ተጠፍጥፎ ወርዱ 5 ሚሊሜትር የማይሞላ ነጭ ክኒን ይሆናል፣ ራዲካሉ ክሪስታሉ ውስጥ ስለሚቆይ በኢፒአር ማሽን (ራዲካሎችን በማግኔት በሚለካ መሳሪያ) ታነበዋለህ፣ እስከ 100 ኪሎግሬይ ይሄዳል። ግን እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፣ አላኒንም ሲቀዘቅዝ ምላሹ ይቀንሳል። በክፍል ሙቀት አካባቢ ለአንድ ዲግሪ ከ0.1 እስከ 0.2 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ኢምንት ይመስላል፣ ድራይ አይስ ግን ከዜሮ በታች 78 ነው፣ ከ25 ስትነሳ መቶ ዲግሪ ወረድክ ማለት ነው፣ ያቺኑ ፐርሰንት በመቶ አባዝቶ ማረም ደግሞ አያዋጣም ምክንያቱም እዚያ ታች መስመሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሳታርመው ካነበብክ ዶዙ አነሰ ብለህ ትጨምራለህ፣ የተቀባዩን አጥንት ከሚገባው በላይ ጎዳኸው ማለት ነው፣ ይሄ የሰው አካል ውስጥ የሚገባ ነገር ነው! ስለዚህ ወይ በዚያው ቅዝቃዜ ካሊብሬት አድርግ (በታወቀ ዶዝ ምላሹን አመሳክር)፣ ወይ ቀጣዩን አንብብ።

ጥያቄ፦ ቅዝቃዜውን መሸሽ አይቻልም?
መልስ፦ ይቻላል፣ እኔም የምመርጠው ይሄንን ነው። መጀመሪያ በክብደቱ ተመሳሳይ የሆነ ግን ያልቀዘቀዘ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ዶዚሜትር በትነህ ማፕ (የትኛው ቦታ ስንት ዶዝ እንደሚደርሰው የሚያሳይ ካርታ) ትሰራለህ፣ ከካርቶኑ ውጪ ብርዱ የማይደርስበት አንድ ቦታ ላይም አንድ ታስቀምጣለህ፣ የሁለቱን ሬሾ ያዝ። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ፍሮዝን ሲመጣ የውጪውን ብቻ እያነበብክ የውስጡን ታሰላለህ። ድራይ አይሱ ራሱ ጨረር ስለሚጋርድ ማፑ ውስጥ በሱ ቦታ የሚተካ ነገር አስገባ፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ እህቴ ዶዚሜትሩን ከፍሪዘር እንደወጣ ላንብበው ወይ ብላ ጠይቃለች።
መልስ፦ አይ እህት፣ አላኒኑ የታሸገበትን ፖስታ ሳትከፍቺ ክፍል ሙቀት እስኪደርስ ጠብቂ። ቀዝቃዛ እያለ ከከፈትሽው ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ አላኒን ደግሞ እርጥበት አይወድም። ፍሪክ የምታነቢ ከሆነ የማንበቢያውን ሙቀት መዝግቢ፣ በአንድ ዲግሪ 0.7 ፐርሰንት ገደማ ያዛባል።