ልጅን ቤት ለማስተማር የትኛው የኦንላይን ትምህርት ይሻላል? የሐዋሳ ወላጆች ጥያቄና መልስ

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡ የሐዋሳ ወላጆች ጥያቄያቸውን እንዲልኩልኝ ጠይቄ ነበር። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለውን ብቻ ነው የምመልሰው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ካን አካዳሚ የሚባለው የኦንላይን ትምህርት ነፃ ነው። እሱ ብቻ አይበቃም ወይ? (እናት፣ ታቦር)

መልስ፦ ለሒሳብ ይበቃል። እንዲያውም ከብዙዎቹ የሚከፈልባቸው ይሻላል። ለሌላው ግን አይበቃም። ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች «ካን አካዳሚ ኪድስ» የሚባል አፕ አለ። እሱም ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም። ንባብም ቁጥርም ይዟል፤ ትምህርቱ በዋናነት በእንግሊዝኛ ነው። ዋናው ካን አካዳሚ የተሠራው በአሜሪካ የክፍል ደረጃ መሆኑን ደግሞ አትርሺ። ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ዳይም፣ ኒክልና ኳርተር የሚባሉ የአሜሪካ ሳንቲሞችን ያስቆጥራል፤ ርዝመትም በኢንች ያስለካል። ያንን ዝለዪውና ልጅሽን ብር ሰጥተሽ ሱቅ ላኪያት። መልሱን ቆጥራ ታምጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ካን አካዳሚ ላይም ሦስተኛ ክፍል የሚለውን ልምረጥለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩን አትመነው። እኛ ጋ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው፤ አሜሪካ ብዙውን ጊዜ በ6። በዕድሜም ብቻ አትምረጥ፤ ለጥንቃቄ አንድ ክፍል ዝቅ በልና የኮርሱን ማጠቃለያ ፈተና ስጠው። ካን አካዳሚ ላይ «ኮርስ ቻሌንጅ» ይባላል፤ 30 ጥያቄ ነው። በቀላሉ ካለፈው ከፍ አድርገው። ከከበደው እዚያው ይጀምር።

ጥያቄ፦ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ልጃችንን ወደ ትምህርት ቤት ብንመልሳት ይቀበሏታል? ባለቤቴ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥቷል። (ሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ባለቤትሽ እውነት አለው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። ብዙ ወላጅ ግን ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ነው የሚያስታውሰው። የት እንደምትመለስ ሳታውቂ ምን እንደምትማር መምረጥ አትችዪም።

በአገራችን ሥርዓተ ትምህርት ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት የምትመለስ ከሆነ፣ ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና ይጠብቃታል። በአዲሱ አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ ስድስተኛ ላይ ያበቃል፤ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ ደረጃ ነው። ለዚያ ፈተና የሚያዘጋጅ የአሜሪካ ድረ ገጽ የለም። አካባቢ ሳይንስን እዚያ አታገኚውም። ግብረ ገብንም አታገኚም። ስለዚህ ዋናው የትምህርት ሚኒስቴርና የክልሉ መማሪያ መጽሐፍ ይሁን። የኦንላይኑ ደጋፊ ነው። ይህን ስል ቅር የሚላቸው አሉ። «ከዚያ ሽሽት አይደል ቤት ያስቀመጥኩት?» ይሉኛል። ይገባኛል፤ ግን ፈተናው የቤቱንም ልጅ አይምርም።

እዚህ ሐዋሳ ሌላም ነገር አለ። የምትመለስበት ትምህርት ቤት በአማርኛ ነው የሚያስተምረው? በሲዳምኛ? በእንግሊዝኛ? አጣሪ። ሒሳብን በእንግሊዝኛ ብቻ የለመደች ልጅ «ክፍልፋይ» ሲባል ግራ ይገባታል። ችሎታው እያላት ቃሉ ያደናቅፋታል።

ከማስወጣትሽ በፊት ካርዷንና መሸኛዋን ውሰጂ። ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት አናግሪ፤ ስትመለስ የመመዘኛ ፈተና ትፈተን እንደሆነ ጠይቂ። የክፍለ ከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ካገኘሽ እሰየው፤ ዳይሬክተር ይቀየራል። ደብተሮቿንና የፈተና ወረቀቶቿን ቀን ጽፈሽባቸው አስቀምጪ። አፕ የሚሰጠውን ባጅ ማንም አያይልሽም።

ጥያቄ፦ የኦንላይን ትምህርት የሚሸጡ ሰዎች «የኬምብሪጅ ነው» ብለው ብዙ ገንዘብ ጠየቁኝ። ልክፈል?

መልስ፦ ኬምብሪጅ ፕራይመሪ ከ1 እስከ 6 ባሉ ደረጃዎች የተዘረጋ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ድረ ገጽ አይደለም። መጨረሻው ላይ «ፕራይመሪ ቼክፖይንት» የሚባል ፈተና አለው። የሚሰጠው በተመዘገቡ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ስለዚህ የሚያስከፍልሽን ሰው «እናንተ በኬምብሪጅ ተመዝግባችኋል?» በዪው። ዙሪያ ጥምጥም ከሄደ ተዪው። ልጅሽ ወደ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ወይም ወደ ውጭ የማትሄድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ ለምን?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለች እህቴ ልትከፍልልኝ ነው። ታይም ፎር ለርኒንግ እንዴት ነው?

መልስ፦ ሥራ ለሚበዛበት ወላጅ ደህና ነው። ትምህርቱን ራሱ ያቀርባል፣ ራሱ ያርማል፣ ሪፖርትም ያወጣል። ክፍያው በየወሩ በልጅ ነው። እህትሽ ከዓመት ዓመት እንደምትከፍል እርግጠኛ ሁኚ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ዋጋ በገበያ ነው የሚወሰነው፤ በብር ልቀጥለው ብትዪ ይከብድሻል። እኔ ብሆን ግማሹን ገንዘብ ለመጽሐፍና ለኮፒ ቤት አውለው ነበር።

ጥያቄ፦ መብራትና ኔትዎርክ ይጠፋብናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኮሊብሪ። ነፃ ሶፍትዌር ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫኑት። ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ የምትፈልጉትን ክፍል ብቻ አውርዱ፤ ሁሉንም ካላችሁ ዲስኩ አይችለውም። የካን አካዳሚ ቪዲዮና መልመጃ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የቤታችሁ ዋይፋይ ራውተር ካለ፣ ሌሎቹ ልጆች በስልካቸው ከዚያው ላፕቶፕ መክፈት ይችላሉ፤ ዳታ አይቆጥርም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወረቀት አለ። «ኮር ኖውሌጅ» የተባለው ድርጅት የንባብና የታሪክ መጻሕፍቱን በፒዲኤፍ በነፃ ይለቃል። ንባቡን በወረቀት አሳትሙት። የአሜሪካ ታሪኩን ተዉት።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነን። የነፃዎቹ ፕሮግራሞች የክርስትና ትምህርት አላቸው ይባላል።

መልስ፦ አንዳንዶቹ አላቸው። «ኢዚ ፒዚ» የሚባለው የቤት ትምህርት ድረ ገጽ ነፃና ሙሉ ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ግን አለበት። ካን አካዳሚና ታይም ፎር ለርኒንግ ሃይማኖታዊ ይዘት የላቸውም። ክርስቲያን የሆናችሁም አንብባችሁ ግቡ። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስተምረው ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሳይንሱን እንዴት ላድርገው? ቪዲዮ እያየ ይረሳዋል።

መልስ፦ ሐዋሳ እየኖርሽ ቪዲዮ? አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውሰጂው። ዓሣ ሲታረድ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይይ። ቆሮሶና አምባዛ በምን እንደሚለያዩ ይሳል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ለምን እዚያ እንደሚሰበሰብ ይጻፍ፤ በአማርኛ። አማርኛውን ከጠቀስኳቸው ፕሮግራሞች አንዱም አያስተምርልሽም፤ እሱ ያንቺ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ልጀምር?

መልስ፦ ክረምት ላይ፣ ከትምህርት ቤት ሳታስወጪው። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጠዋት ሞክሩት። አጠገቡ የምትቀመጪው አንቺ ነሽና ራስሽንም ታዘቢ። የመስከረም ምዝገባ ሳያልፍ ወስኚ።