ናይትሜር ውስጥ ፈረስ የለም

"ናይትሜር" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል "የሌሊት ባዝራ" ማለት ነው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፦ አይደለም ወንድሜ። ግን ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል።

"ናይት" ሌሊት ነው፤ እሱ ግልጽ ነው። የሚያምታታው "ሜር" ነው። ባዝራን የሚጠሩበት "ሜር" እና ይሄኛው ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ምንጫቸው ለየቅል ነው። ይሄኛው በጥንቱ እንግሊዝኛ የክፉ መንፈስ ስም ነበር። ሌሊት መጥቶ የተኛ ሰው ደረት ላይ ይቀመጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል ተብሎ ይታመን ነበር። እኛ ዱካክ የምንለው ማለት ነው! ነቅተህ መንቀሳቀስ ሲያቅትህ፣ ልትጮህ ስትል ድምፅህ እምቢ ሲልህ "ዱካክ ተጫነኝ" ትል የለ? ቃሉ መጀመሪያ የያዘው ትርጉም ይሄ ነው። ለማንኛውም መጥፎ ሕልም መዋል የጀመረው በአውሮፓውያኑ 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተጻፈ ጽሑፍ ካገኘኸው "ቅዠት" ብለህ አትለፈው፤ ዱካክ ይሻላል።

ዘመዶችም አሉት። የፈረንሳይኛው "ኮሽማር" መጨረሻ ላይ ያለው "ማር" ያው መንፈስ ነው፤ የፊተኛው ክፍል መጫንን ያመለክታል። ስዊድኖችም መጥፎ ሕልምን "ማርድሮም" ይላሉ።

ሠዓሊው ሄንሪ ፉሴሊ በ1781 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስም የሳለውን ሥዕል ፈልገህ እየው። የተኛች ሴት ደረት ላይ ጋኔን ተቀምጧል። ከመጋረጃው መሀል ደግሞ የፈረስ ጭንቅላት ብቅ ብሏል። ሁለቱም "ሜር" እዚያ ተገናኝተዋል።