ዚርኮን ነው ዚርኮኒያ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ አልማዝ ከጻፍኩ ወዲህ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ዚርኮን ሆኗል። እንግዲህ ዛሬ እንገላገለው።

የአንዲት አንባቢ እጮኛ ከዱባይ ቀለበት አመጣላት። ደረሰኙ «ዚርኮን» ይላል። ጓደኞቿ «ፌክ ነው» ብለው ሳቁባት። ልመልስለት ወይ ትላለች።

መጀመሪያ ጓደኞችሽን ተያቸው። ዚርኮን ከመሬት የሚወጣ የተፈጥሮ ማዕድን ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ ከተገኙት ጥቃቅን የዚርኮን ፍሬዎች አንዳንዶቹ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ከምድር ቁስ ከእነሱ የሚበልጥ ዕድሜ የተለካለት የለም። ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ግን ለጌጥ የሚውለው ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የሶቪየት ሳይንቲስቶች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዛት የሚመረትበትን መንገድ አበጁ፤ አልማዝ መስሎ ገበያውን ሞላው። ሁለቱም ውስጥ ዚርኮኒየም የሚባል ብረት አለ። ዝምድናቸው ይኸው ነው።

ነጋዴው ታዲያ የኪዩቢክ ዚርኮኒያን ስም ያሳጥረዋል። በተለይ ዐረብ አገር ወርቅ ቤት ገብተሽ «ዚርኮን» ስትባዪ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡሽ ዚርኮኒያ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። አስመሳዩ የባለቤቱን ስም ወሰደ፤ አሁን ባለቤቱ «ፌክ» ይባላል!

ለማየት ከፈለግሽ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ተዋሺ። በፈርጡ ጠፍጣፋ አናት በኩል፣ ቀለበቱን ዘንበል ቀና እያደረግሽ፣ ከታች ያሉትን ጠርዞች እዪ። መስመሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከታዩ ዚርኮን ሊሆን ይችላል፤ ሞይሳናይት የሚባለው ሌላው የአልማዝ አስመሳይም እንዲሁ ያደርጋል። ነጠላ ከሆኑ ዚርኮኒያ ወይም አልማዝ ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚነግርሽ የከበሩ ድንጋዮች መርማሪ ብቻ ነው።

መመለሱን በተመለከተ፦ የዚርኮኒያ ዋጋ ከፍሎ ከሆነ ማንም አልተታለለም። ይልቅ ወርቁ ሲመዘን የፈርጡ ክብደት ተቀንሶ እንደሆነ ጠይቂው።

ዚርኮን የታኅሣሥ ልደት ድንጋይ (በወሩ ለተወለደ ሰው የሚመደብ ፈርጥ) ነው?

የዲሴምበር ነው፤ ከቱርኩዊዝና ከታንዛናይት ጋር ተጋርቶ።

አንድ መምህር፦ ስሙ የዐረብ ነው የፋርስ? ክፍል ውስጥ ተጣልተንበታል።

ታረቁ። በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው ከፋርስ ተነሥቶ በዐረብ በኩል አለፈ የሚለው ነው። በፋርስኛ «ዘር» ወርቅ፣ «ጉን» ቀለም ነው። ዐረቦች «ዘርቁን» አሉት፣ ጀርመኖች «ዚርኮን»። በ1789 (እ.ኤ.አ.) ማርቲን ክላፕሮት የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከሲሎን፣ ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ የመጣ ዚርኮን ሲመረምር አዲስ ንጥረ ነገር አገኘ፤ ዚርኮኒየም የተባለው እሱ ነው። ቀይና ብርቱካናማው ዚርኮን ደግሞ «ያክንት» ሲባል ኖሯል፤ በዮሐንስ ራእይ 21፥20 ላይ ያለው ስም ማለት ነው። የጥንቱ ያክንት ሰንፔር ነበር የሚሉም አሉ። ለእሱ ሌላ ጠብ ጀምሩ።

አንድ አንባቢን የጥርስ ሐኪሙ «ዚርኮኒያ እናድርግልህ» አለው። ቀለበት ላይ ያለው ነው?

ዘመዱ ነው፤ አያብረቀርቅም እንጂ። ሌላውን ሐኪምህን ጠይቅ።

የአንዲት አንባቢ እናት ዚርኮን አንገታቸው ላይ አስረው የደም ግፊት ኪኒናቸውን አቁመዋል። ይሠራል ወይ ትላለች።

አይሠራም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ያክንት እንቅልፍ ያመጣል፣ ወረርሽኝ ይከላከላል ብለው ያስሩት ነበር። ወረርሽኙ ግን አልሰማቸውም። እህቴ፣ ይህን እንዳነበብሽ እናትሽን ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። ነገ አትበዪ። የግፊት መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቋረጥ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ሐብሉን ከወደዱት ይሰሩት፤ ኪኒናውን ግን ይዋጡ።

ሰማያዊ ዚርኮኔ ወደ ቡኒ እየሄደ ነው። ተሸወድኩ?

አልተሸወድክም። ሰማያዊው ዚርኮን ከሞላ ጎደል ሁሉም ቡኒ ሆኖ ወጥቶ በእሳት የተቀየረ ነው፤ ብዙው ከካምቦዲያ ይመጣል። አንዳንዱ ብርቱ ብርሃን ላይ ሲከርም ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። መስኮት ላይ አታስቀምጠው። ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ሲበይድም ፈርጡን አስቀድሞ ያውጣልህ፤ የእሳቱ ሙቀት ቀለሙን ሊቀይረው ይችላል።