በቆሎ፣ አሳማና ነፋስ፦ ስለ ኖብልስ ካውንቲ ለጠየቃችሁ

በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ ግዛት ደቡብ ምዕራብ፣ ከአዮዋ ግዛት ጋር በሚዋሰነው ዳርቻ፣ ኖብልስ የሚባል የገጠር ካውንቲ አለ፤ ዋና ከተማው ወርዚንግተን ነው። በከተማው ያለው የሥጋ ፋብሪካ ከብዙ አገሮች፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራም ጭምር፣ ሠራተኞችን ስለሚስብ ስለ አካባቢው የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ሳይደርሱኝ የሚያልፍ ወር የለም። የተጠራቀሙትን ጥያቄዎች ዛሬ በአንድነት እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካውንቲ ማለት እንደ እኛ ወረዳ ነው? የሚያስተዳድረውስ ማን ነው?

ስፋቱን ካዩ ከወረዳ ጋር ሊያመሳስሉት ይችላሉ፤ ኖብልስ 1,870 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሠራሩ ግን ይለያል። አምስቱ ኮሚሽነሮች፣ ሸሪፉ (የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ) እና የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ በነዋሪው ድምፅ ይመረጣሉ እንጂ ከላይ አይሾሙም። መንገዱን፣ የማኅበራዊ አገልግሎቱንና የንብረት ግብሩን ሥራ የሚመራው ይኸው ካውንቲ ነው።

ካርታውን የሚመለከት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው የመንገዶቹን ቀጥ ማለት ነው። ካውንቲው እያንዳንዳቸው በስድስት ማይል ስፋትና በስድስት ማይል ርዝመት በተቀየሱ 20 ታውንሺፖች የተከፈለ ሲሆን፣ ይህ ቅየሳ የተዘረጋው የአካባቢው ነባር ነዋሪ የሆነው የዳኮታ ሕዝብ በ1851 በተፈረመ ውል አገሩን እንዲለቅ ከተደረገ በኋላ ነው። በ1862 በወጣው ሕግ መሠረት አምስት ዓመት ኖሮበት ያለማ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል፣ መሬት ከመንግሥት ያገኝ ነበር። ወርዚንግተን በ1872 በባቡር ሐዲዱ ዳር በተቆረቆረ በዓመቱ የአንበጣ መንጋ ወረደና እስከ 1877 ድረስ በየዓመቱ እየተመላለሰ አዝመራውን ስላጠፋው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ጥለው ሄደዋል።

አፈሩ ለም እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ውኃውን ከየት ያገኛሉ?

ለዚህ ጥያቄ ትንሽ ቦታ ልስጠው፤ የካውንቲውን ኑሮ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። አፈሩ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሣር ሲበቅልበትና ሲበሰብስበት የኖረ ጥቁር አፈር ነው። ደህና ዝናብ በዘነበበት ዓመት ከአንድ ሄክታር 120 ኩንታል ገደማ በቆሎ ይሰጣል። ነገር ግን ይህ መሬት ቀድሞ ረግረግ የበዛበት ስለነበር፣ ገበሬው የመጀመሪያ ጭንቀቱ ውኃ ማምጣት ሳይሆን ውኃ ማስወጣት ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ማሳ ሥር አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የተበሳሱ ቧንቧዎች ተቀብረው ትርፉን ውኃ ወደ ካውንቲው ቦዮች ያወርዱታል፤ በጸደይ ወራት መሬቱ ሲጠፈፍ ቧንቧዎቹ ያሉበት መስመር ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርቅ፣ በጥቁሩ ማሳ ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች በግልጽ ይታያሉ። አንድ ቦይ ይቆፈር ወይም ይጠገን ብሎ የሚወስነው የኮሚሽነሮቹ ጉባኤ ሲሆን፣ ወጪውም የሚከፋፈለው ከቦዩ በሚጠቀሙት ባለመሬቶች ላይ ነው። የእነዚህ ስብሰባዎች ክርክር ከፖለቲካው ክርክር ቢብስ እንጂ አያንስም።

ማሳው ውኃ በዝቶበት ሲያስወጣ ከተማው በአንጻሩ ውኃ ሲያጥረው ኖሯል። ወርዚንግተን የሚጠጣው ጥልቀት ከሌላቸው ጉድጓዶች ስለነበር ድርቅ በመጣ ቁጥር ነዋሪው ይቸገር ነበር። መፍትሔው የመጣው ከሩቅ ነው። በደቡብ ዳኮታ፣ ቨርሚሊየን ከተማ አጠገብ፣ ከሚዙሪ ወንዝ ዳር የሚቀዳውን ውኃ ለሦስት ግዛቶች የሚያከፋፍለው የሉዊስና ክላርክ የውኃ መስመር በ2000 በኮንግረስ ተፈቅዶ፣ ወርዚንግተን የደረሰው በ2018 ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት ቶሎ ስላልተለቀቀ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቷል።

የገጠር ካውንቲዎች ሰው እያለቀባቸው ነው ሲባል እሰማለሁ። ኖብልስስ?

እዚያም ሰው ሲቀንስ ቆይቶ ነበር፤ ኋላ ግን ተመለሰ። በ1960 የነበረው 23,365 ሕዝብ በ1990 ወደ 20,098 ዝቅ ብሎ ነበር። እርሻው በትልልቅ መሣሪያ ሲሠራ ብዙ ሰው ስለማይፈልግ የገበሬው ልጅ ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ወደ ሱ ፎልስ ይሄዳል፤ እንደ ኪንብሬ ያሉት መንደሮች ዛሬ የጥቂት ቤተሰቦች መኖሪያ ናቸው። በ2020 ቆጠራ ግን የካውንቲው ሕዝብ 22,290 ደርሶ ተገኝቷል፤ ከዚህም 13,947ቱ በወርዚንግተን ይኖራሉ።

ልዩነቱን ያመጣው የአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ነው። በ1964 የተከፈተው ይህ ፋብሪካ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ በ2007 ጄቢኤስ በሚባለው የብራዚል ኩባንያ እጅ ገብቷል። በቀን ወደ 20,000 የሚጠጉ አሳማዎች ይታረዱበታል፤ ከ2,000 በላይ ሠራተኞችም አሉት። መጀመሪያ ላኦሳውያን፣ ቀጥሎ ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላና ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሰዎች፣ ኋላም ከበርማ የተሰደዱ ካረኖች፣ ከእነሱም ጋር የእኛ አገር ሰዎች በየተራ ገቡበት። ዛሬ ከከተማው ነዋሪ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ሥቃይ አልመጣም። በታኅሣሥ 12 ቀን 2006 የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በዚያ ጊዜ የስዊፍት ኩባንያ የነበሩትን ስድስት ፋብሪካዎች በአንድ ቀን ከብበው 1,300 ያህል ሠራተኞችን ሲይዙ አንዱ የወርዚንግተኑ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወላጆቻቸውን በቤት ያላገኙ ልጆች ነበሩ።

ዘመዴ በፋብሪካው ሥራ አግኝቻለሁ ይላል። ኦርቶዶክስ ሆኖ አሳማ ማረድስ እንዴት ነው?

የሃይማኖቱን ጥያቄ ለንስሐ አባቱ ትቼ ስለ ሥራው ልናገር። ሥራው የሚከናወነው በቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ፣ በተንጠለጠለና በማያቋርጥ መስመር ላይ ነው። አንድ ሰው በፈረቃው ሙሉ አንድ ዓይነት ቁርጥ በቢላዋ ሲቆርጥ ስለሚውል፣ ቅሬታው በአብዛኛው የክብደት ሳይሆን የእጅ አንጓና የትከሻ ሕመም ነው። እንግሊዝኛ ብዙ አይጠይቅም፤ ይህ መልካም መስሎ ቢታይም ዓመታት ከቆዩ በኋላ ቋንቋውን ሳይዙ ለመቅረት ምክንያት ይሆናል። ሠራተኞቹ ማኅበር ስላላቸው ዘመድዎ በገባ ሰሞን የማኅበሩን ተጠሪ ይተዋወቅ። በሚያዝያ 2020 ፋብሪካው በኮቪድ ምክንያት በተዘጋ ጊዜ የሠራተኛው ደኅንነት ጥያቄ ጎልቶ የተሰማው በዚያ በኩል ነበር። የሌሊት ጽዳቱ ደግሞ ለተቋራጭ ኩባንያ ይሰጥ ስለነበር፣ የፌዴራል መንግሥት በ2022 ባደረገው ምርመራ ለአቅመ ሥራ ያልደረሱ ልጆች ሲያጸዱ አግኝቷል። ስለዚህ ቀጣሪው ፋብሪካው ራሱ መሆኑን ከመፈረሙ በፊት ያረጋግጥ።

ከተማው ለልጆች ትምህርት ቤት መሥራትን እምቢ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን አንድ ብቻ አልነበረም። የስደተኞቹ ልጆች ሲበዙ ክፍሎቹ ሞሉ፤ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ከ2013 ጀምሮ ለግንባታ መበደር እንዲፈቀድለት ለሕዝብ ድምፅ ደጋግሞ ቢያቀርብም ውድቅ ሲደረግበት ቆየ። ዕዳው የሚከፈለው በንብረት ግብር ስለሆነ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ያለው ገበሬ የበቆሎ ዋጋ ቢወድቅም ባይወድቅም በመሬቱ ግምት ልክ ይከፍላል፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ደግሞ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሲሆን፣ ዜግነት ካላገኘ ድምፅ መስጠት አይችልም። የግብሩ ቅሬታ እውነተኛ ነበር እላለሁ። ነገር ግን በክርክሩ ውስጥ በመጤዎቹ ላይ በግልጽ የተነገረውን ጥላቻ ሁሉ የግብር ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ነው። የሚኔሶታ ምክር ቤት በ2017 ባወጣው ሕግ በእርሻ መሬት ላይ ከሚወድቀው የትምህርት ቤት ግንባታ ዕዳ 40 በመቶውን ግዛቱ እንዲሸፍን አደረገ፤ ድርሻው ደረጃ በደረጃ አድጎ በ2023 ወደ 70 በመቶ ከፍ ብሏል። በኅዳር 2019 ጥያቄው እንደገና ቀርቦ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ።

የተርኪ (ዶሮ መሰሉ ትልቅ ወፍ) ሩጫ አለ የሚሉኝ ቀልድ ነው?

ቀልድም ነው፣ እውነትም ነው። ወርዚንግተን ከ1939 ጀምሮ የተርኪ በዓል ያከብራል፤ በመስከረም ወር የከተማው ተርኪ በቴክሳስ ካለችው የኩዌሮ ከተማ ተርኪ ጋር በዋናው ጎዳና ይሽቀዳደማል። የወርዚንግተኑ ተወዳዳሪ ስም “የደመወዝ ቼክ” ነው፤ እንደ ደመወዝ የሚፈጥን ነገር የለም በሚል።

በየማሳው የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች የማን ናቸው? ገበሬው ምን ያገኛል?

አካባቢው ከፍ ያለና ነፋሻ ነው። በ2010 የተጠናቀቀው የኖብልስ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 134 ተርባይኖችና 201 ሜጋዋት አቅም ነበረው፤ ባለቤቱ ኤክሴል ኢነርጂ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው። ትልልቅ ማመንጫዎች በግዛቱ ሕግ ለእያንዳንዱ ሜጋዋት ሰዓት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይከፍላሉ፤ ማለትም 100,000 ሜጋዋት ሰዓት ያመነጨ 120,000 ዶላር ያስገባል። ከዚህ 80 በመቶው ለካውንቲው፣ 20 በመቶው ተርባይኖቹ ለቆሙባቸው ታውንሺፖች ወይም ከተሞች ይደርሳል። ከዚህ ሌላ ኩባንያው ለባለመሬቱ የቦታ ኪራይ ይከፍላል። የሚያርሰው ሰው መሬቱን ከሌላ ተከራይቶ ከሆነ ግን፣ በሚኔሶታ ብዙ ማሳ የሚታረሰው እንዲህ ነውና፣ ኪራዩ ለባለቤቱ ይሄዳል፤ ለአራሹ የሚቀረው ትራክተሩን በምሰሶው ዙሪያ ማዞር ነው።