ጥር 15 ነው ወይስ 16? የጋብቻ ቀን ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጤና ይስጥልኝ ጅማዎች። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ የጋብቻ ቀን ጥያቄም የሚጎርፈው በጥር ነው። ከመጡልኝ ጥቂቶቹን መርጫለሁ፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

"የተጋባነው እሁድ፣ ጥር 15 ቀን 2008 ነው። ዘንድሮ 10 ዓመት ሞላን። ጥር 15 ቀሚሴን ለብሼ ቡና አፍልቼ ጠበቅኩት። 'አምሮብሻል' አለኝና እራቱን በልቶ ተኛ። በማግስቱ ስልኬ አስታወሰኝ ብሎ ኬክ ይዞ መጣ። አኩርፌ አልቀመስኩለትም። ስልኩ ላይ የተመዘገበው ጃንዋሪ 24 ነው። ማን ነው የተሳሳተው?" (ከአጂፕ)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የኔ እህት። ነገሩ እንዲህ ነው። 2007 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ቀን ሆናለች። ጳጉሜ 6 ስትሆን የእኛ አዲስ ዓመት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ይገባል፣ ከዚያም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል። ስለዚህ በሰርጋችሁ ዕለት ጥር 15 እና ጃንዋሪ 24 አንድ ቀን ነበሩ። በዓመቱ ግን ጥር 15 ወደ ጃንዋሪ 23 ተመለሰ። ሁለቱ የሚገጥሙት በአራት ዓመት አንዴ ነው። በ2012 ገጥመዋል፣ በ2016 ገጥመዋል፣ ቀጥሎ በ2020 ነው። ዘንድሮ ስልኩ ያስታወሰው ጥር 16 ላይ ነው። ባልሽ አልረሳሽም።

እኔን ብትጠይቁኝ ጥር 15ን ያዙ። ሽማግሌ የቆረጠው፣ እናቶቻችሁም የሚያስታውሱት እሱን ነው። ስልኩ ላይ የኢትዮጵያ ካላንደር ጫኑና አብራችሁ መዝግቡት። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያ ምሽት ነው። አንቺ ቡና አፍልተሽ "ያስታውስ እንደሆነ ልየው" ብለሽ ዝም አልሽ። እሱ ደግሞ ምናልባት ነገ ኬክ ይዤ ገብቼ አስደስታታለሁ ብሎ በሆዱ ይዞ ተኝቶ ይሆናል። እየተዋደዳችሁ ተኮራረፋችሁ እኮ! እባክሽ ሰውን በዝምታ አትፈትኚ። ለከርሞ ጥር 14 ማታ "ነገ ቀናችን ነው፣ ቶሎ ግባ" በይው። ካስታወሰ ደስ ይለዋል፣ ካላስታወሰም ይዘጋጃል። ኬኩ ካልተበላሸ ደግሞ ዛሬውኑ ቁረሱት።

"በ5ኛ ዓመታችን የመልስ ቀሚሴን ለብሼ ቡና ስቀዳ የ3 ዓመት ልጄ እየሮጠ መጥቶ ረከቦቱን መታው። ሲኒዎቹ ተገለበጡ፣ ቡናው በሙሉ ጥለቱ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ ጨው ነሰነሰበት፣ ጎረቤቴ በረኪና ትላለች። ምን ላድርግ?" (ከፈረንጅ አራዳ)

መጀመሪያ ልጁ! ቡናው እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ። ለሌላ ጊዜ ግን ትኩስ ነገር ከፈሰሰበት የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ ስር 20 ደቂቃ ያዙት። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት። ቤታችን ውስጥ ቶሎ እጃችን የሚገባው እነሱ ናቸው፣ ግን ሙቀቱን ቆዳው ላይ ይይዙታል። ውሃ ከቋጠረ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወደ ቀሚሱ ስንመጣ፣ በረኪናውን ተዪው፣ የጥለቱን ቀለም ይጨርሰዋል። ቀሚሱን ገልብጪና ቀዝቃዛ ውሃ ከጀርባ በኩል አፍስሺበት፣ ቡናው በገባበት እንዲወጣ። ከዚያ ለስለስ ባለ ሳሙና ቀስ እያልሽ ነካ ነካ አድርጊው እንጂ አትሺው። ካልለቀቀ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሪ፣ ግን መጀመሪያ በማይታይ ጠርዝ ላይ ሞክሪው። አትጭመቂው፣ ጥላ ውስጥ አስጪው። እድፉ ሳይለቅ ካውያ ካስነካሽው ግን በጣም ያስቸግርሻል፣ ሙቀት ያጣብቀዋል።

"የ1985 የሰርጋችን አልበም ቁም ሳጥን ውስጥ ሻግቶ አገኘሁት። ፎቶዎቹ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቀዋል። ባለቤቴ ሳታይ ማዳን እችላለሁ?" (ከሂርማታ)

ጋሼ፣ የጅማን ዝናብ ያውቁታል፣ ክረምት አልፎም እርጥበቱ ከግድግዳው አይወጣም። በምንም ምክንያት ጎትተው እንዳያላቅቁ፣ መልኩ ላስቲኩ ላይ ተልጦ ይቀራል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ በላስቲኩ ላይ እንዳለ፣ ብርሃን ሳያንጸባርቅ፣ በስልክ ያንሱት። ያ ከተቀመጠ ቢያንስ ሁሉም አይጠፋም። ቀጥለው አልበሙን ገልጠው ጥላና ነፋስ ባለበት ያድርቁት፣ ፀሐይ ላይ ግን አይሆንም። ሻጋታው ሲደርቅ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። የተጣበቁትን ለፎቶ ቤት ባለሙያ ይተዉለት። ሲመለስ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ለባለቤትዎ ግን ይንገሯቸው። ፎቶው ላይ ማን ማን እንደነበረ ከእርስዎ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ይሆናሉ፣ ስሞቹን አብራችሁ ብትጽፏቸው ለልጆቻችሁ ይጠቅማል።

"የጋብቻ ቀለበቴ ጣቴ ላይ ቀረ፣ አልወጣም አለ።" (ስም አልተጻፈም)

እጅሽን ወደ ላይ አንስተሽ ትንሽ ቆዪ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ከዚያ ሳሙና ወይም ዘይት ቀብተሽ እያዞርሽ አውጪው። ጣትሽ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ግን ሳትዘገዪ ጤና ተቋም ሂጂ፣ ቀለበቱን ይቁረጡት። ቀለበቱን ወርቅ ሠሪ መልሶ ይበይደዋል።

"እናትና አባታችን 25 ዓመት ሊሞላቸው ነው። አዳራሽ ልንከራይ አሰብን፣ አባባ 'እኔ ሁካታ አልወድም' ይላል። ሳንነግረው እናድርገው?" (ከጅሬን)

አይሆንም። አልወድም ያለን ሰው መቶ ሰው ፊት አታቁሙት። እናንተ ስለ አባባ ጻፋችሁ፣ እማማ ምን እንደምትፈልግ ግን አንድ መስመር የለም። ለብቻዋ ጠይቋት። ምናልባት 25 ዓመት ሙሉ ያላየቻትን እህቷን ማየት ይሆናል የምትፈልገው።

እቤት አድርጉት፣ ቤተሰብና የቅርብ ጎረቤት ብቻ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ እማማ በራሷ በዓል ሽንኩርት ስትከትፍ እንዳትውል። ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ ባለበዓሏ ጓዳ ውስጥ ዓይኗ እያለቀሰ ዶሮ ትገነጥላለች፣ እንግዳው ሳሎን ይጨዋወታል። ዶሮውን እናንተ ሥሩ፣ ቢቃጠልም ይቃጠል። እሷ ሻሿን አስራ ከአባባ ጎን ትቀመጥ። ቡናውም ከአቦል እስከ በረካ በእናንተ እጅ ይቀዳ።

ስጦታ ካሰባችሁ፣ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለውን የእኛን የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ሁለት አሠሩላቸው። ቀራጩ ከስሩ ስማቸውንና የሰርጋቸውን ቀን እንዲጽፍበት አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ሥራው ጊዜ ይወስዳል።